ከተቆለፈው በር ጀርባ፡ ስለ ታጋቾች ጨዋታ የሚተርኩት የጃፓን ሥዕላዊ ልብ ወለዶች

ዘጠኝ ሰዎች በማያውቁት መርከብ ውስጥ ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ። ማን እንዳመጣቸው፣ ለምን እንዳመጣቸው አያውቁም። በእያንዳንዳቸው ግራ እጅ ላይ ሊወልቅ የማይችል አምባር ታስሯል፤ አምባሩም ከ1 እስከ 9 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያሳያል። በድምፅ ማጉያ የሚናገረው አጋች ስሙ «ዜሮ» መሆኑን ይገልጻል። መርከቡ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንደሚሰጥም፣ ለማምለጥም 9 ቁጥር የተጻፈበትን በር ፈልገው ማግኘት እንዳለባቸው ይነግራቸዋል። ሕጉን የሚጥስ ሰው ሳያውቀው በሆዱ ውስጥ የተቀመጠ ፈንጂ ይፈነዳበታል።

ይህ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 በጃፓን ለገበያ የቀረበው «ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ በር» የተሰኘ ሥራ መነሻ ነው። ደራሲውና ዳይሬክተሩ ኮታሮ ኡቺኮሺ ሲሆን፣ ያዘጋጀው ቹንሶፍት የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው። ሥራው ፊልም አይደለም፤ በወረቀት የታተመ መጽሐፍም አይደለም። «ኒንቴንዶ ዲኤስ» በተባለ በእጅ በሚያዝ የጌም መጫወቻ ላይ የሚነበብ «ቪዥዋል ኖቭል»፣ በአማርኛ ሥዕላዊ ልብ ወለድ ሊባል የሚችል ነው። ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010፣ ስፓይክ የተባለ ሌላ የጃፓን ኩባንያ «ዳንጋንሮንፓ»ን አወጣ። በዚህኛው ደግሞ የታገቱት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ ስለ ታጋቾችና ስለ ሞት ጨዋታ የሚተርኩ ሥዕላዊ ልብ ወለዶች ሲነሱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

እገታ የሚለው ቃል ዘመድ ለታገተበት ቤተሰብ ጨዋታ አይደለም። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ያለው እገታ ግን ሌላ ጠባይ አለው። አጋቹ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ለዘመድ ስልክ አይደውልም፣ ብዙውን ጊዜም በገዛ እጁ ማንንም አይገድልም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሕግ ያወጣል። ሕጉ በቃሉ ሲታይ ለሁሉም እኩል ነው፤ ውጤቱ ግን ታጋቾቹ አንዱ ሌላውን እንዲፈራና እንዲጠረጥር፣ በመጨረሻም እንዲያጠፋ ማድረግ ነው። ከዚህም የተነሣ የታሪኮቹ ጥልቅ ምሥጢር «ማን ገደለ?» የሚለው አይደለም። አንባቢውን እስከ መጨረሻው ይዞት የሚሄደው «ይህን ሕግ ማን አወጣው? ለምንስ እንዲህ አድርጎ አወጣው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በንባብና በጨዋታ መካከል

ሥዕላዊ ልብ ወለድ ከመጫወት ይልቅ ወደ ማንበብ ያደላል። በስክሪኑ ላይ ታሪኩ የሚፈጸምበት ስፍራ ሥዕል ይታያል፤ ከፊቱ የሚናገረው ባለታሪክ ይቆማል፤ ከታች በኩል ጽሑፉ ይወርዳል። አንባቢው ቁልፍ እየተጫነ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ያልፋል። አልፎ አልፎ ታሪኩ ቆሞ «በየትኛው በር ትገባለህ? ማንን ታምናለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በመልሱም መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ምርጫ ወደ ማምለጥ፣ ሌላው ወደ ሞት ያደርሳል። ሙዚቃና ድምፅም አብረው አሉ።

ይህ አተራረክ በጃፓን ረዥም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዩጂ ሆሪ ያዘጋጀው የፖርቶፒያ ተከታታይ ግድያ ምርመራ ብዙዎች እንደ መነሻ የሚጠቅሱት ነው። ቹንሶፍት በ1992 እና በ1994 ሁለት የንባብ ጌሞችን አወጣ። የሁለተኛው ደራሲ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊው ታኬማሩ አቢኮ ሲሆን፣ ታሪኩም በበረዶ በተዘጋ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ስለሚፈጸም ግድያ ነው። አንባቢው ገዳዩን በጊዜ ካልለየ የሟቾቹ ቁጥር ይጨምራል። ኩባንያው እነዚህን «ሳውንድ ኖቭል» ይላቸው ነበር፤ «ቪዥዋል ኖቭል» የሚለው መጠሪያ የመጣው ሊፍ ከተባለ ሌላ ኩባንያ በ1996 ነው። ስለዚህ ኡቺኮሺ ዘጠኙን ሰዎች በመርከብ ሲቆልፍባቸው፣ የሠራበት ኩባንያ ሰዎችን በአንድ ቤት ዘግቶ የማስጨነቅ የአሥራ አምስት ዓመት ልምድ ነበረው።

የታሪኩ ሐሳብ ደግሞ ከመጽሐፍና ከፊልም የመጣ ነው። እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ በ1939 ባሳተመችው ልብ ወለድ አሥር ሰዎች በአንድ ደሴት ላይ ተዘግተው አንድ በአንድ ያልቃሉ። ጃፓናዊው ኩሹን ታካሚ በ1999 ባሳተመው «ባትል ሮያል» ደግሞ መንግሥት የአንድ ክፍል ተማሪዎችን እርስ በርስ እንዲገዳደሉ ያስገድዳቸዋል፤ በማግሥቱ ዓመት ፊልም ሆኖ ወጥቷል። በ2021 የቀረበውን የኮሪያ ተከታታይ ድራማ «ስኩዊድ ጌም» ያየ ሰውም የዚህን ዘር መልክ ለይቶ ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ በፊልሙ ተመልካቹ ከዳር ሆኖ ያያል፤ በሥዕላዊው ልብ ወለድ ግን በሩን የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው። ሰው ሲሞትም ጥፋቱ ከፊሉ የራሱ ይሆናል።

የበሮቹ ሒሳብ

በ«ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ በር» ውስጥ ቁጥር በተጻፈበት በር ማለፍ የሚችሉት ከ3 ያላነሱና ከ5 ያልበለጡ ሰዎች ናቸው። የሚገቡት ሰዎች የአምባሮቻቸው ቁጥር ይደመራል። ድምሩ ባለ ሁለት አኃዝ ከሆነ ሁለቱ አኃዞች እንደገና ይደመራሉ፤ አንድ አኃዝ ብቻ እስኪቀርም እንዲሁ ይቀጥላል። የቀረው አኃዝ በበሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ከተስማማ በሩ ይከፈታል። ለምሳሌ 2፣ 5 እና 6 የያዙት ሦስት ሰዎች ሲደመሩ 13 ይሆናሉ፤ 1 እና 3 ደግሞ 4 ነው። ስለዚህ የሚከፈትላቸው 4 ቁጥር በር ነው። ገብተው በሩ ሲዘጋ በሆዳቸው ያለው ፈንጂ መቁጠር ይጀምራል፤ ማጥፊያውን ፈልገው ለማግኘት ያላቸው ጊዜ 81 ሴኮንድ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ድምሩን ለ9 አካፍሎ ቀሪውን ከመውሰድ ጋር አንድ ነው፤ ቀሪ ሲጠፋ 9 ይባላል። ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሎ በቀሪው ዘመኑ የማቴዎስ ይሁን የማርቆስ በባሕረ ሐሳብ ለሚለይ ሰው ቀሪን መቁጠር እንግዳ አይሆንበትም። ደራሲው ግን ይህን ተራ ሒሳብ ወደ ክፉ መሣሪያ ለውጦታል።

ከዘጠኙ ሰዎች መጀመሪያ የሚሞተው 9 ቁጥር የያዘው ነው። ሌሎቹን አስፈራርቶ በሩን ካስከፈተ በኋላ ብቻውን ይገባል፤ ወዲያውም ፈንጂው ይፈነዳበታል። አንባቢው እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ ቢያነሣ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ያገኛል። 9 በየትኛውም ድምር ላይ ቢጨመር የመጨረሻውን አኃዝ አይለውጠውም፤ 4 ላይ 9 ቢጨመር 13 ይሆናል፣ 13 ተመልሶ 4 ነው። ከ1 እስከ 9 ያሉት ሁሉ ሲደመሩ 45 ናቸው፤ 9 ሲወጣ 36 ይቀራል፤ ሁለቱም ተመልሰው 9 ይሆናሉ። በበሮቹ ሒሳብ ሰውየው ኖረም ሞተም ለውጥ የለውም። የቀሩት ስምንቱ ከፊታቸው ባሉት 4 እና 5 ቁጥር በሮች ያለ ችግር ይከፈላሉ፤ 2፣ 5 እና 6 በአንዱ ሲገቡ 1፣ 3፣ 4፣ 7 እና 8 ተደምረው 23፣ ማለትም 5 ይሆናሉ። ከሰው ሁሉ በፊት የሞተው ሰው ሒሳቡ የማይፈልገው ሰው ነው።

ሌላም አለ። በአንድ በር ከአምስት ሰው በላይ ማለፍ አይቻልም። መውጫው 9 ቁጥር በር አንድ ብቻ ከሆነ ከዘጠኙ ቢያንስ አራቱ መቅረታቸው ነው። ይህን ማንም ጮክ ብሎ ሳይናገር ሁሉም ያሰላዋል። አንድ ሰው «አንተ በዚያኛው በር ግባ» ሲል እውነት ለሒሳቡ ነው ወይስ እኔን ለማስቀረት? ከዚህ በኋላ ቢላዋም ጠመንጃም ባይኖር ፍርሃቱ በራሱ ይሠራል።

የታሪኩን የመጨረሻ ምሥጢር ራሱ ሊደርስበት የሚፈልግ አንባቢ ቀጣዮቹን ሁለት አንቀጾች ቢዘል ይሻለዋል።

ኒንቴንዶ ዲኤስ ከላይና ከታች ሁለት ስክሪን አለው። በላይኛው የሰዎቹ ንግግር ይታያል፤ በታችኛው ደግሞ ትረካው ይነበባል። አንባቢው ትረካውን እንደ ማንኛውም ልብ ወለድ የደራሲው ድምፅ አድርጎ ይቀበለዋል። ወደ ፍጻሜው ሲደርስ ግን ተራኪዋ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሞት አፋፍ ላይ የነበረች ልጅ መሆኗ ይገለጣል። ልጅቱ ልትፈታው ያልቻለችው እንቆቅልሽ ከፊቷ አለ። የዋናውን ባለታሪክ የጁምፔይን የወደፊት ሕይወት በዓይነ ሕሊናዋ እያየች፣ በየትኞቹ በሮች ሲገባ እንደሚሞት፣ በየትኞቹ እንደሚተርፍ ትከታተላለች። የመጨረሻው እንቆቅልሽ ሲመጣ አንባቢው መጫወቻውን ገልብጦ መያዝ አለበት፤ የታችኛው ስክሪን ምንጊዜም የእሷ ነበርና።

ይህ ለጌም ጽሑፍ ትልቅ ነገር ነበር። ሥራው ስድስት ፍጻሜዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በሞት ይዘጋሉ። በሌላ ጌም መሞት መሸነፍ ነው፤ ተመልሶ ከመጀመር በቀር ትርጉም የለውም። እዚህ ግን በመጥፎው ፍጻሜ የተገኘው ዕውቀት ከሌለ እውነተኛው ፍጻሜ አይከፈትም። አንባቢው አሥር ጊዜ እየተመለሰ መሞከሩ ከታሪኩ ውጪ የሆነ የመጫወቻ ልማድ መስሎት ሲያበቃ፣ የታሪኩ አካል ሆኖ ያገኘዋል። ደራሲው ለዚህ የተጠቀመበት ሐሳብ እንግሊዛዊው ሩፐርት ሼልድሬክ ያስፋፋው፣ ዕውቀት በማይታይ መስክ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል የሚል መላ ምት ነው። ሐሳቡ በሳይንቲስቶች ዘንድ ተቀባይነት የለውም፤ ለልብ ወለድ ግን አገልግሏል።

መተባበር ወይስ መክዳት

በ2012 የወጣው ሁለተኛው ክፍል፣ በእንግሊዝኛ ስሙ «ቨርቹስ ላስት ሪዋርድ»፣ በሒሳብ ረገድ ከመጀመሪያው ይልቅ የጠራ ነው። አሁንም ዘጠኝ ሰዎች ታግተዋል፤ አምባሩም አለ። በዚህኛው አምባር ላይ ያለው ግን ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በ3 ነጥብ ይጀምራል። በየዙሩ ተፋላሚዎቹ በተለያየ ክፍል ገብተው፣ አንዱ የሌላውን ምርጫ ሳያይ፣ «እተባበራለሁ» ወይም «እከዳለሁ» የሚለውን ይመርጣሉ። ሁለቱም ከተባበሩ ሁለት ሁለት ነጥብ ያገኛሉ። አንዱ ሲተባበር ሌላው ቢከዳው ከጂው 3 ያገኛል፣ የተከዳው 2 ይቀነስበታል። ሁለቱም ከተካካዱ ምንም የለም። 9 ነጥብ የሞላለት መውጫውን በር ይከፍታል፤ ነጥቡ ያለቀበት ይሞታል። በሩ የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። ሁሉም በታማኝነት ቢተባበሩ ነጥባቸው ከ3 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 7፣ ከ7 ወደ 9 ይወጣል፤ በሦስት ዙር ሁሉም ነጻ ናቸው። ሁለት ጊዜ የሚክድ ሰው ግን ከ3 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 9 ይደርሳል፤ በሁለት ዙር ወጥቶ በሩን በሌሎቹ ላይ ይዘጋዋል። ሁለት ጊዜ የተከዳ ሰው ነጥቡ ከዜሮ በታች ወርዶ ይሞታል። ሁሉንም የሚያድነው መንገድ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉንም የሚያሰጋው መንገድ ግን በአንድ ዙር ያጥራል።

መሠረቱ «የእስረኞች አጣብቂኝ» የሚባለው የታወቀ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ሜሪል ፍለድና ሜልቪን ድሬሸር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካው ራንድ ተቋም አነሡት፤ ስሙን የሰጠው የሒሳብ ሊቁ አልበርት ታከር ነው። በየክፍላቸው የተዘጉ ሁለት እስረኞች ዝም ቢሉ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ግን እያንዳንዱ ጓደኛዬ ቢያጋልጠኝስ ብሎ ስለሚፈራ ሁለቱም ይጋለጣሉ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሮበርት አክስልሮድ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ጨዋታው ሲደጋገም የትኛው ስልት እንደሚያሸንፍ በኮምፒውተር አወዳደረ። ያሸነፈው አናቶል ራፖፖርት ያቀረበው እጅግ ቀላሉ ነበር፤ መጀመሪያ ተባበር፣ ከዚያ በኋላ ሌላው ባለፈው ያደረገውን አድርግ።

ለዚህ ገበሬ የኮምፒውተር ውድድር አያስፈልገውም። በወንፈል ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታጨዳል፣ ነገ የሌላው። የራሱን አሳጭዶ በማግሥቱ የቀረ ሰው በዚያች ቀን ብቻ ከታየ አትርፏል። ነገር ግን የሚቀጥለው አረምና አጨዳ ይመጣል፤ ጎረቤቱም እዚያው ነው፤ ማን እንደቀረ ሁሉም ያውቃል። ወንፈልን የሚያቆመው የሰዎቹ ደግነት ብቻ ሳይሆን ነገ ተመልሰው መገናኘታቸው ነው። የልብ ወለዱ አጋች የነጠቀው በትክክል ይህንን ነው። የተሰባሰቡት እንግዳ ሰዎች ናቸው፤ ዙሮቹ ጥቂት ናቸው፤ በሩ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ነገ የሚባል የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ደህና ሰውም ይከዳል። ሥራው ባለታሪኮቹን ክፉ አድርጎ ሳይስል ሲካካዱ ማሳየቱ ከብዙዎቹ መሰሎቹ የተሻለ ያደርገዋል።

በ2016 የወጣው ሦስተኛው ክፍል፣ «ዜሮ ታይም ዲሌማ»፣ በአፈጻጸም ከሁለቱ ደከም ይላል። አጀማመሩ ግን አይረሳም። አጋቹ ሳንቲም ይወረውራል፤ ታጋቾቹ የወደቀውን ጎን በትክክል ከገመቱ ሁሉም ይለቀቃሉ፤ ታሪኩም በዚያው ያልቃል። ካልገመቱ መውጫው የሚከፈተው በስድስት የይለፍ ቃላት ነው፤ አንዱ ቃል የሚገለጠውም አንድ ሰው በሞተ ቁጥር ነው። ከዘጠኙ ስድስቱ ካልሞቱ ሦስቱ አይወጡም።

በድቡ ፊት የቆመ ችሎት

ካዙታካ ኮዳካ የጻፈው «ዳንጋንሮንፓ» ሌላ ጣዕም አለው። ስሙ «ጥይት» እና «ክርክርን ማፍረስ» ከሚሉ ሁለት የጃፓንኛ ቃላት የተሠራ ነው። በየመስኩ አቻ የላቸውም የተባሉ አሥራ አምስት ተማሪዎች ዝናው ወደናኘ ትምህርት ቤት ሲገቡ ራሳቸውን ይስታሉ። ሲነቁ መስኮቶቹ በብረት ተዘግተዋል። ዋናው ባለታሪክ ማኮቶ ናኤጊ ልዩ ችሎታ የለውም፤ በዕጣ የገባ ነው። ርእሰ መምህሩ ሞኖኩማ የሚባል ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ የአሻንጉሊት ድብ ነው። ሕጉንም ይነግራቸዋል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው በሰላም መኖር ይችላሉ፤ መውጣት የሚሻ ግን የክፍል ጓደኛውን ገድሎ ሳይታወቅበት መቅረት አለበት።

ግድያ ሲፈጸም ምርመራ ይደረጋል፤ ከዚያም ተማሪዎቹ ክብ ሠርተው ለችሎት ይቆማሉ። አንባቢው ክርክሩ በፊቱ እየፈሰሰ ሳለ ከማስረጃው ጋር የሚጋጨውን ቃል ፈልጎ በ«እውነት ጥይት» ይመታዋል። በመጨረሻ ድምፅ ይሰጣል። እውነተኛውን ገዳይ ከለዩ የሚቀጣው እሱ ብቻ ነው። ከተሳሳቱ ገዳዩ ነጻ ይወጣል፣ የቀሩት ሁሉ ይገደላሉ። ስለዚህ ገዳዩ የገደለው አንድ ሰው ቢሆንም፣ በችሎቱ ፊት ቆሞ በሚዋሽበት ሰዓት የጓደኞቹን ሁሉ ሕይወት ከራሱ ጋር በሚዛን እያስቀመጠ ነው።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ አይገዳደሉም። ድቡም ሕጉን አይለውጥም፤ ሰበብ ብቻ ያቀርባል። በመጀመሪያ እያንዳንዳቸው በቤተሰባቸው ላይ ክፉ ነገር የደረሰ የሚመስል ቪዲዮ ያያሉ። ቀጥሎ የተደበቀ ምሥጢራቸው ይፋ እንደሚሆን ይነገራቸዋል። ከዚያም ነጻ ለሚወጣው ገዳይ 10 ቢሊዮን የን ይቀርባል። ፍቅር፣ ኀፍረት፣ ገንዘብ፤ ቅደም ተከተሉ የታሰበበት ነው። የሚገርመው በገንዘቡ ከሚወድቁት ይልቅ በቤተሰብ ናፍቆትና በኀፍረት የሚወድቁት የሚያሳዝኑ መሆናቸው ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ከመጠን በላይ ዘግናኝ ነው ተብሎ ቀርቶ ነበር። የወጣው ሥራ ደሙን ደማቅ ሮዝ አድርጎ፣ ሥዕሉንም በደማቅ ቀለማት አሸብርቆ ነው የቀረበው። ጃፓናውያን ተጫዋቾችን ይበልጥ የረበሸው ግን የድቡ ድምፅ ሳይሆን አይቀርም። ድምፁን የሰጠችው ኖቡዮ ኦያማ ከ1979 እስከ 2005 የሕፃናት ተወዳጅ የሆነውን የካርቱን ድመት የዶራኤሞንን ድምፅ ስትጫወት የኖረች ተዋናይት ናት። አንድ ትውልድ በልጅነቱ ሲያስቀው ያደገው ድምፅ ተመልሶ ተገዳደሉ ሲለው ሰማ። በ2012 እና በ2017 ተከታታይ ክፍሎች ወጥተዋል።

ከመቅረት የተረፈው ታሪክ

ሁለቱን ሥራዎች ያወጡት ቹንሶፍትና ስፓይክ በ2012 ተዋሕደው አንድ ኩባንያ ሆነዋል። የኡቺኮሺ ሥራ በአገሩ የተጠበቀውን ያህል አልተሸጠም። ያዳነው ትርጉም ነው። አክሲስ ጌምስ የተባለ አሳታሚ በ2010 በእንግሊዝኛ ሲያቀርበው በሰሜን አሜሪካ አንባቢ አገኘ፤ ሁለተኛው ክፍልም ተከተለ። ያም ሆኖ በ2014 ኡቺኮሺ የሦስተኛው ክፍል ሥራ መቆሙን በይፋ ተናገረ፤ ታሪኩ በእንጥልጥል ቀረ። በየአገሩ ያሉ አንባቢዎች ኩባንያውን የሚጎተጉት ዘመቻ አካሄዱ። በጁላይ 2015 ሎስ አንጀለስ በተካሄደ የአኒሜ ዐውደ ርእይ ሦስተኛው ክፍል እንደሚወጣ ተበሠረ፤ በዓመቱም ወጣ።

ኮዳካ በ2017 ኩባንያውን ለቅቆ ቱ ኪዮ ጌምስ የተባለ የራሱን ድርጅት መሠረተ፤ ኡቺኮሺም ተቀላቀለው። ሁለቱ በጋራ የመሩት «ዘ ሃንድሬድ ላይን» በኤፕሪል 2025 ወጣ። ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸውን ለአንድ መቶ ቀናት እንዲከላከሉ ስለሚገደዱበት ታሪክ ሲሆን፣ አንድ መቶ ፍጻሜዎች አሉት። ኮዳካ ድርጅቱ ሥራውን ለመጨረስ ዕዳ ውስጥ መግባቱን በይፋ ተናግሯል።

«ዳንጋንሮንፓ» ከ2020 ጀምሮ በስማርት ስልክ ላይም ስለሚገኝ፣ ልዩ መጫወቻ የሌለው ወጣትም ሊያወርደው ይችላል። ወላጆች እዚህ ላይ በቀላሉ ይሳሳታሉ። አሻንጉሊት ድብና በደማቅ ቀለም የተሣሉ ተማሪዎች ላየ ሰው የሕፃናት ካርቱን ይመስለዋል። በአሜሪካው የጌም ደረጃ አውጪ ተቋም ግን «ዳንጋንሮንፓ»ም ሆነ «ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ በር» 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተስማሚ ተብለው የተመደቡ ናቸው። ሬሳ፣ በተማሪ እጅ የሚፈጸም ግድያ፣ ራስን ስለ ማጥፋት የሚነሣ ወሬና ለልጅ የማይሆን ቀልድ አለባቸው። በአማርኛ አልተተረጎሙም፤ የሚነበቡት በእንግሊዝኛና በጥቂት ሌሎች ቋንቋዎች ነው። ጽሑፉም እንደ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ነውና፣ ለጨዋታ ብሎ የከፈተው ሰው ለብዙ ሰዓት ማንበብ ይጠብቀዋል።